ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቆለፈው በር

ሆሳዕና፣ ቅዳሜ ሐምሌ 3 ቀን 1974

ጋሼ ወልደ ሰንበት የስፌት መኪናቸውን ሊሸጡ ነው!

ዛሬ ጠዋት መናኸሪያው አጠገብ፣ ሁልጊዜ በሚሰፉበት በረንዳ ላይ ነገሩኝ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ለመስቀል ጉራጌ አገራቸው ሲገቡ በዚያው ሊቀሩ ነው። «እስከ መስቀል ገበያ ዕለት ለማንም አልሰጥም፣ ልጅ ጵርስቅላ» አሉኝ። «ማግስቱን አገሬ እገባለሁ፤ መቼም ባዶ እጄን አልገባም። እስከዚያ ካልሞላልሽ የዱራሜው ሰውዬ ይወስደዋል።» ፔዳሉን አንድ ጊዜ ረገጥኩት። ሺንሺቾ ልጅ ሆኜ ስፌት የተማርኩት እንዲህ ባለ መኪና ነው፤ እግሬ አልረሳውም። መስከረም ላይ የዚህ ከተማ ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም ያሰፋል። ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ ካገባሁ ወዲህ «ይሄ የኔ ነው» የምለው አንድ ነገር የለኝም። ካለኝ ገንዘብ ላይ ብዙ ይጎድላል፣ ግን አገኘዋለሁ!

ልጽፍ ያሰብኩት ብዙ ነበር። ቅዳሜ ስለሆነ ቤቱ ሙሉ ነው። ሻይ አፍልቼ ልምጣ።

ረቡዕ ሐምሌ 7

ገንዘቡን ከየት እንደማመጣ ገባኝ። ከብክነት!

ትናንት የቀበሌው ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ስለ ብክነት ግማሽ ቀን ሙሉ ተናገረ። ግማሽ ቀናችንን ስለ ማባከኑ ግን አላነሳም። ሰው ሁሉ ያንቀላፋል፣ እኔ ቤቴን ከጓሮ እስከ ጓዳ በሐሳቤ እየዞርኩ ነበር። ባለቤቴ ኤሊያስ መጽሐፍ ይዞ የሚያንቀላፋበት ፋኖስ ላምባ ይጨርሳል። የሳሙና ቁራጭ ከውሃው ጋር ይደፋል። እንጨት ገበያ መሃል ይገዛል፣ ተሸካሚዎቹ ሴቶች ከተማ ሳይገቡ መንገድ ላይ ቢጠበቁ እኮ ይረክሳል!

ከዛሬ ጀምሮ ክብሪት በምላጭ ለሁለት ይሰነጠቃል። (አንዱ ጣቴን አቃጠለኝ፤ ምንም አይደለም።) የሳሙናው ቁርጥራጭ በጣሳ ተጠራቅሞ አንድ ላይ ይጨመቃል። የሬዲዮው ድንጋይ ፀሐይ ስትወጣ ቆርቆሮው ላይ ይሰጣል፣ ፀሐይዋ ከተገኘች። የኤሊያስ ሸሚዞች ኮሌታቸው ተገልብጦ ይሰፋል፤ አዲስ ሸሚዝ ዘንድሮ የለም። የተረፈው ሁሉ የልጄ የሂሩት የወተት ጣሳ ውስጥ ይገባል።

ኤሊያስ ሳቀብኝ። «የቀበሌው ሊቀመንበር አንድ ሰው አሳምኗል ማለት ነው» አለ። ይሳቅ።

ቅዳሜ ሐምሌ 10

የዛሬውን ንዴቴን ልጻፈው።

ቤታችን ከገበያው በላይ ስለሆነ ከሞርሲቶ ለገበያ የሚመጣ የኤሊያስ ዘመድ ሁሉ እኛ ዘንድ ያርፋል። እግሩን ይታጠባል፣ ይበላል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ያልተሸጠለትን ዶሮ እኛ ጋ ያሳድራል። የሳምንቱን ቁጠባ ቅዳሜ በአንድ ቀን ጠጥቶት ይሄዳል። ዛሬ ስኳሩን እኔ ራሴ በማንኪያ እየለካሁ አቀረብኩ። ውሃ ልቀዳ ስወጣ ከመካከላቸው አንዷ፣ ሀዲይኛ አይገባትም ብላ፣ «የሺንሺቾዋ ልጅ እጇ ጠበቀ» ስትል ሰማሁ። ሀዲይኛ መናገሩ ነው እንጂ መስማቱ አያቅተኝም።

እማማ ጣቢታ ግን የለካሁላቸውን መርቀው ጠጡ። ኤሊያስን እናቱ ከሞተች በኋላ ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። ባለቤታቸው ጋሽ ብሩ የሚያወሩት ስለ ሰንጋው ብቻ ነው። ሞርሲቶ ወንዶቹ ካለፈው መስቀል ጀምሮ እያዋጡ ገዝተው ጋሽ ብሩ ጓሮ የሚቀልቡት ሰንጋ ነው። «ትከሻው ይህን ያክላል» ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ የሻዩን ብርጭቆ ደፉት። በስኳር የተሞላውን!

ሰኞ ሐምሌ 12

ኤሊያስ ዛሬ ሄደ። ክረምቱን ሾኔ ሆኖ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን ያስተባብራል። የነገሩት ትናንት፣ የወሰዱት ዛሬ። ላንድሮቨሩ በራችን ላይ ሲቆም ቁርሱን አልጨረሰም ነበር። ብርድ ልብሱን ጠቅልዬ ሰጠሁት፤ ከኋላ በሁለት ካድሬዎች መሃል ተጣቦ ስለተቀመጠ እጁን እንኳ ማወዛወዝ አልቻለም። ሂሩት አለቀሰች። አራት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ገበያ የሄደ መስሏት ከረሜላ ትጠብቃለች።

እኔም ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ አንድ ሰው በቤት ውስጥ ሲቀንስ ላምባው ምን ያህል እንደሚቀንስ አሰብኩ። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ማክሰኞ ሐምሌ 13

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አሁን አልጽፈውም፤ ቅዳሜ ሞክሬ ካየሁት በኋላ።

ቅዳሜ ሐምሌ 17

ሠራ! ሠራ!

ጠዋት በፊት ለፊቱ በር ላይ ትልቁን ጓጉንቸር ከውጭ ቆለፍኩበት፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ፣ ሂሩትን ይዤ በጓሮ በር ገባሁ። እሳት አላነደድኩም፣ ጭስ እንዳይታይ። ሂሩትን «ድብብቆሽ እንጫወታለን፣ እንዲህ ካደረግሽ ነው» ብዬ ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ አሳየኋት፤ በጣም ወደደችው። መጡ። አንኳኩ። ተነጋገሩ። ሄዱ! ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

ስኳሩ እንዳለ አለ። ሻይ ቅጠሉም እንዳለ አለ። ለሁለት ቀን ይበቃል ያልኩት እንጀራ እስከ ማክሰኞ ሊደርስ ነው። ቤቴ ውስጥ ትልቁ ቀዳዳ የት እንደነበር አሁን አወቅኩት።

ጎረቤቴ ውቢት ከአጥሩ ማዶ አይታኝ፣ «ሰው ቤቱን ከሌባ ነው እንጂ ከዘመድ ይቆልፋል እንዴ?» አለችኝ። ለክረምቱ ብቻ ነው አልኳት። ከጠየቁሽ የለችም በይልኝ አልኳት። ፊቷን አዙራ ገባች።

ቅዳሜ ሐምሌ 24

ዛሬ ያልታሰበ ነገር ሆነ። እንደ ባለፈው ቆልፌ ተቀመጥኩ። ኮቴ ሰማሁ፣ ግን አላንኳኩም። ጥቂት ቆይተው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ስወጣ ደረጃው ላይ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ተቀምጧል! ትልቅ፣ ለሳምንት የሚበቃ።

ቆልፌ ቆጮ አገኘሁ! ምናልባት ይዘውልኝ መጥተው፣ ሲያጡኝ መልሶ መሸከሙ ከብዷቸው ይሆናል። ትንሽ ከነከነኝ። ግን ማንም አልተጎዳም እኮ፤ ገበያቸውን ገበይተው፣ በሰላም ተመልሰዋል። ሻይ ደግሞ የትም ይጠጣል።

ሰኞ ነሐሴ 3

የኤሊያስ ደብዳቤ በሾፌር እጅ መጣ። ደህና ነው፤ ጭቃውና ቁንጫው እንጂ ሌላ አልከበደውም። መጨረሻው ላይ «እንግዶችሽ እንዴት ናቸው? አክስቴ ትመጣለች? ስኳር እንዳትለኪባት» ይላል።

«ሁሉም ደህና ናቸው፣ ስኳርም አልለካሁባቸውም» ብዬ መለስኩ። ውሸት አይደለም። አንድ ማንኪያ እንኳ አልለካሁም።

ረቡዕ ነሐሴ 12

ወፍጮ ቤት የሞርሲቶ ሴትዮ አገኘችኝ፤ ዘመድ ሳትሆን አትቀርም፣ ስሟን አላውቀውም። እጄን ይዛ አልለቅም አለች። ግራ ቀኝ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ። እሱ ያለበት ቦታም ጌታ አለ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ሾኔ ጌታ ከሌለማ የት ሊኖር ነው? ልጠይቃት ስል የወፍጮዬን ከፍላልኝ ወጣች። ከፈለችልኝ!

የለበስኩት ቀሚስ ክንዱ ላይ ስለተጣፈ ሳያሳዝናት አልቀረም። ጣሳው ውስጥ የወፍጮውን ሳንቲም ጨመርኩ።

ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ የሞርሲቶ ሰዎች ሁሉ እንዲህ በሹክሹክታ ማውራት ለምዶባቸዋል። ኤሊያስም መዘምራኑን ይመራ ስለነበር ሁለት ጊዜ ተጠርቶ… ይህን እዚህ አልጽፍም።

ቅዳሜ ነሐሴ 22

ደረጃው ላይ ዛሬም ቆጮ፣ ከላዩ ደግሞ ቅቤ በቅጠል። አሁን አያንኳኩም፤ አስቀምጠው በፍጥነት ይሄዳሉ። በቀዳዳ ሳይ አንዱ ሽማግሌ ቆቡን አውልቆ በሩን ትንሽ አየውና ሄደ። ለምን በር ላይ ቆብ ያወልቃል?

ሂሩት «እማማ ጣቢታ ለምን አትገባም?» አለችኝ። ድብብቆሹ ገና አላለቀም አልኳት። «እሷ መቼ ነው የምታገኘን?» አለች። የያዝኩትን ኮሌታ መገልበጥ ቀጠልኩ፤ አሁን የጎረቤትም ኮሌታ በክፍያ እገለብጣለሁ! ጣሳው ሲነሳ ይከብዳል።

ረቡዕ ጳጉሜን 3

በረንዳው ጋ ሄጄ መኪናውን አየሁት። ጋሼ ወልደ ሰንበት ለመስቀል ልብስ ቀንና ሌሊት እየሰፉበት ነው። ዘይት አጠጡልኝ። ይሞላል፣ በእርግጥ ይሞላል!

ቅዳሜ መስከረም 1 ቀን 1975

እንቁጣጣሽ። ቅዳሜ ላይ ዋለ። ቆለፍኩ።

ማንም አልመጣም። በሌላ ዓመት ለእንቁጣጣሽ ቤቱ መቀመጫ ያጣ ነበር። ሂሩት የያዘችውን አደይ አበባ ለማን ትስጥ? ለእኔ ሰጠችኝ፣ ከዚያ መልሳ ወሰደችው፣ ከዚያ ደግሞ ለእኔ ሰጠችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ውቢት ጠርታን ምሳ እነርሱ ቤት በላን።

ዓርብ መስከረም 14

ሞላ! ሞላ! ሞላ!

ሮጬ ወደ ጋሼ ወልደ ሰንበት ሄድኩ። የመጨረሻዎቹን የመስቀል ሱሪዎች እየጨረሱ ነው። «ነገ ከሰዓት በኋላ ነይ፤ ዛሬ ከእግሬ ስር ብትወስጂው ሰው ሱሪ ሳይኖረው መስቀል ያሳልፋል» አሉና ሳቁ። የዱራሜው ሰውዬም ነገ ይመጣል፣ ግን ቅድሚያው የኔ ነው ብለውኛል። ነገ መኪናው እዚህ፣ መስኮቱ ስር ይቀመጣል። ቦታውን ጠርጌ ለቅቄያለሁ። አሁን እንቅልፍ ከየት ይመጣል!

ቅዳሜ መስከረም 15

ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

ዛሬ የመስቀል ገበያ ነው። ሰው ስለሚበዛ በጠዋት ቆለፍኩ፤ ሕዝቡ ሲያልፍ ወጥቼ መኪናዬን ላመጣ። ሦስት ሰዓት ገደማ ኮቴ ሰማሁ። አላንኳኩም፣ አልሄዱምም። ደረጃው ላይ ተቀመጡ። በቀዳዳ አየሁ፦ ጋሽ ብሩ፣ እማማ ጣቢታ፣ ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች። የሚሸጥ ነገር አልያዙም። እማማ ጣቢታ ነጠላቸውን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቀዋል። የሞተ ሰው አለ ብዬ ደነገጥኩ።

ውቢት ወጣች። «ማንን ፈልጋችሁ ነው?» አለቻቸው።

ጋሽ ብሩ ተነሱ። ለውቢት ነውና በአማርኛ ነው የተናገሩት። «እናቴ፣ አትፍሪን፤ ክፉ ይዘን አልመጣንም። ልጃችንን የት እንዳሰሩት ብቻ ንገሪን።»

«ማን ታሰረ?»

«ኤሊያስ ነዋ! በላንድሮቨር ሲወስዱት፣ ብርድ ልብሱን ታቅፎ፣ በሁለት ካድሬ መሃል ተቀምጦ፣ የኛ ሰው በዓይኑ አይቷል። ከተከታዩ ቅዳሜ ጀምሮ ቤቱ ተቆልፏል። ሚስቱንም ከሰው እንዳትገናኝ ከልክለዋት ይሆናል ብለን፣ እንዳናስመታት አላንኳኳንም። ቆጮውን አስቀምጠን ዞር እንል ነበር።»

ውቢት ፊቷን ወደ በሩ አዞረች፤ እዚያው ቀዳዳው ላይ እንዳለሁ ታውቃለች።

«ለመጠየቅ ፈርተን ቆየን» አሉ ጋሽ ብሩ። «መስቀል ሲደርስ ግን አልቻልንም። እሱ ታስሮ ሥጋ በጉሮሯችን አይወርድም። ሐሙስ ሰንጋውን ለነጋዴ ሸጥነው፤ ሁሉም ሰው ተስማማ። ገንዘቡ ይኸው፣ ስንቅም ይሁን ዋስ፣ ለሚያስፈልገው ይሁን።» እማማ ጣቢታ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ እየፈቱ ነበር። የሴቶቹ የውጆ ቅቤም አጠገባቸው በቅል ተቀምጧል፤ በማኅበር ዓመቱን ሙሉ እያዋጡ ለመስቀል ያጠራቀሙት።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ልቅሶዬ ድምፅ ሲያወጣ ሂሩት እየዳኸች መጣችና ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። «ዝም በይ እማዬ፣ ያገኙናል» አለችኝ በሹክሹክታ። እንዲህ ነው ያስተማርኳት።

በሩን ከውስጥ ልከፍተው አልችልም፤ የተቆለፈው ከውጭ ነው። በጓሮ ወጥቼ፣ አጥሩን ዞሬ፣ በጭቃው ውስጥ በባዶ እግሬ መጥቼ ፊታቸው ቆምኩ። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ሁሉም አዩት።

«አልታሰረም» አልኩ። «ሾኔ ነው፣ ለዘመቻ ነው የሄደው፣ ደብዳቤም ጽፏል። የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ውስጥ ነበርኩ። ስኳሩ… እንግዳው በዛብኝና፣ የስፌት መኪና ልገዛ ብዬ…»

እማማ ጣቢታ እጄን ያዙ። «አልታሰረም?»

«አልታሰረም፣ እማማ።»

«አልመቱትም?»

«ደህና ነው። ቁንጫ ብቻ ነው ያስቸገረው።»

እልል አሉ። እዚያው ደረጃው ላይ፣ ነጠላቸውን ወደ ደንቡ መልሰው፣ ሰፈሩ እስኪወጣ ድረስ እልል አሉ። ሽማግሌዎቹ ተቃቀፉ። ጋሽ ብሩ ሂሩትን ወደ ላይ ወረወሯትና ቀለቧት። ስለ ቁልፉ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም። ሰምተውኛል፣ አሳምረው ሰምተውኛል፤ ደስታቸው ግን ለዚያ ቦታ አልነበረውም። ቢሰድቡኝ በጣም ይሻለኝ ነበር።

በሩን ከፈትኩ። ስኳሩን ሁሉ አወጣሁ።

ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በሀዲይኛ «እንግዲህ ዘንድሮ ያለ ሥጋ ነው» አለ፣ ሌሎቹም ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሰንጋውን የገዛው ነጋዴ ዛሬ እዚሁ ገበያ ሊሸጠው እንዳመጣው ነገሩኝ። ጣሳዬን ብብቴ ስር ይዤ ጋሽ ብሩን ጎትቼ ወረድኩ። አገኘነው፤ ጋሽ ብሩ በስሙ ሲጠሩት ቀንዱን አዞረ። ነጋዴው ፊታችንን አይቶ የመስቀል ገበያ ዋጋ ጠየቀን፣ የሸጡበት ገንዘብ ሊበቃው ቀርቶ አልቀረበውም። ተከራከርኩ። እንደ ዛሬ ተከራክሬ አላውቅም፣ ገበያተኛው ሥራውን ትቶ ከበበን! ጋሽ ብሩ «ተይው ልጄ፣ ይቅር» ይላሉ። የቀረውን ከጣሳው ቆጥሬ ከፈልኩ። ከታች የቀረችው ሳንቲም ብቻ ናት።

ገመዱን ጋሽ ብሩ ያዙ። ደስ አለኝ፣ አሁንም ደስ ብሎኛል፣ ሰው አይገባውም እንጂ። በዚያው ገበያ መሃል ከሰንጋው ጋር ልዘል ነበር።

እሑድ መስከረም 16

ትናንት ወደ ማታ ጋሼ ወልደ ሰንበት ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። «ለመስቀል ሰንጋ ከሆነ እኔ ጉራጌው ምን ልበልሽ?» አሉ። ቢጠብቁኝ ደስ ባላቸው፣ ግን እሳቸውንም አገር ይጠብቃቸዋል። የዱራሜው ሰውዬ በአህያ ጭኖት ሲሄድ አየሁ። መንኮራኩሩ በየእርምጃው ይዞራል።

ወደ ሞርሲቶ ልንነሳ ነው። ሂሩት ከጋሽ ብሩ ትከሻ አልወርድም ብላለች።

ማክሰኞ መስከረም 18፣ ሞርሲቶ

ትናንት መስቀልን በላን። ኤሊያስ ከሾኔ በቀጥታ መጣ፤ ጠቁሯል፣ ከስቷል። እማማ ጣቢታ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ምን እንደሆኑ አልገባውም።

እንዳይነገረው ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ወስነዋል። ጋሽ ብሩ፣ «ቁልፏ ተበላሽቶባት ነው፤ በቃ» አሉ። እኔ ግን ልነግረው ቆርጬ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን ሳዘጋጅ አድሬያለሁ።

ክትፎው በውጆው ቅቤ ተለውሶ ቀረበ። ኤሊያስ በእጁ አፍሶ እየበላ፣ «ለመሆኑ የስፌት መኪናውስ? ደብዳቤሽ ሁሉ እሱ ነበር እኮ» አለኝ።

«እየበላኸው ነው» አልኩት።

ሳቀ። ከት ብሎ ሳቀ። ከእሱ በቀር የሳቀ የለም፤ ሽማግሌዎቹ ቆጮአቸውን መመልከት ጀመሩ። «የምሬን ነው ኤሊያስ፣ ስማኝ፣ ክረምቱን ሙሉ እኔ…» ስል እማማ ጣቢታ ከጎኔ ተነሥተው ትልቅ ጉርሻ አፌ ውስጥ ከተቱ። ሳላላምጠው ሌላ ደገሙኝ። መናገር አልቻልኩም። እንባዬ በጉንጬ ወረደ።

ኤሊያስ ሚጥሚጣው መስሎት ውሃ አቀበለኝ።